ከልጆች ጋር ሞቃት አገር ስትሄዱ ከኤርፖርት የሚቀበላችሁን መኪና ስለማዘጋጀት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ወላጆች ለበረራው ብዙ ይዘጋጃሉ። መክሰሱ፣ መጫወቻው፣ መቀየሪያ ልብሱ ሁሉም ይታሰብበታል። ከአውሮፕላኑ በር እስከ ማረፊያው ክፍል ያለችው አንድ ሰዓት ግን ትረሳለች። ልጆቹ ደክመዋል፣ እንቅልፋቸው ተዛብቷል፣ ርቧቸዋል። የተርሚናሉ በር ሲከፈት ደግሞ ወላፈን ይቀበላቸዋል። የኔ ምክር አንድ ነው፦ መኪናው ልጆቹን ይጠብቅ እንጂ ልጆቹ መኪናውን አይጠብቁ። ከታች ያሉት መልሶች ሁሉ ከዚህ የሚነሱ ናቸው።

መኪና ቀድሜ ልያዝ ወይስ እዚያው ደርሼ ልፈልግ?

ቀድማችሁ ያዙ። ብቻዬን ስጓዝ እኔም በር ላይ ባገኘሁት ታክሲ ነው የምሄደው። ከልጅ ጋር ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። የታክሲ ሰልፍ ብዙ ጊዜ ደጅ ላይ ነው። ጥላ ያለው አለ፣ የሌለውም አለ። አስፋልቱ ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ሙቀት ወደ ላይ ይተፋል፤ ጋሪ ውስጥ የተቀመጠ ሕፃን ደግሞ ከእናንተ ይልቅ ለአስፋልቱ ይቀርባል።

የመጀመሪያ ልጄን ገና በስምንት ወሯ ይዤ ስሄድ "ታክሲ መቼም አይጠፋም" ብዬ ነበር። እውነትም አልጠፋም። ሰልፉ ግን አርባ ደቂቃ ፈጀ። ተራችን ደርሶ የመጣው መኪና የኋላ ቀበቶው በወንበር ልብሱ ስር ተቀብሯል። ሹፌሩ ከኋላችን ያለውን ሰልፍ እያየ ይቸኩላል። ልጅቷ ፊቷ ቲማቲም መስሎ ታለቅሳለች። እኔ ቀበቶ ፍለጋ እጄን ወንበሩ ውስጥ ከትቻለሁ። በመጨረሻ አቅፌያት ሄድን። ምንም አልሆነችም፤ ዛሬም ሳስታውሰው ግን ሆዴን ይበላኛል።

ቀድማችሁ ስትይዙ የልጁን መቀመጫ፣ የመኪናውን ስፋትና የምትገናኙበትን ቦታ ቤታችሁ ተቀምጣችሁ በረጋ መንፈስ ትጨርሳላችሁ። ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ ልጅ እያለቀሰበት የሚደራደር ሰው ያገኘውን ይቀበላል።

ከየትኛው መጓጓዣ የትኛው ይሻላል?

ትንንሽ ልጆች ካሏችሁ የግል መኪና እመርጣለሁ። ሹፌሩ ስማችሁን ይዞ ውስጥ ይጠብቃችኋል። ሌላ ተሳፋሪ የለም። መንገድ ላይ ቁም ብትሉት ይቆማል።

ሆቴሎች የሚልኩት መኪናም አለ፤ አንዳንዶቹ በነፃ ነው የሚሰጡት። ነፃ ከሆነ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ በየስንት ሰዓቱ ነው የሚነሳው? የልጅ መቀመጫ ይገጠምበታል? በሰዓት አንዴ ብቻ የሚነሳ ሚኒባስ በአምስት ደቂቃ ቢያመልጣችሁ ከልጆች ጋር ረጅም ጊዜ ነው የምትጠብቁት።

የጋራ ሚኒባስ ይረክሳል፤ ግን እየዞረ ተሳፋሪ ያወርዳል። በሩ በተከፈተ ቁጥር የቀዘቀዘው አየር ይወጣል። ትልልቅና ጉዞ የለመዱ ልጆች ካሏችሁ ይሁን፤ ለሕፃን አልመክርም። በአፕ የሚጠራው መኪና ከተማ ውስጥ ጥሩ ነው። ኤርፖርት ላይ ግን መሳፈሪያው ከመውጫው ራቅ ያለ ፓርኪንግ ሊሆን ይችላል፣ የልጅ መቀመጫ ያለው መኪና ማግኘትም ዕድል ነው።

ባቡር ካለና ጣቢያው ከተርሚናሉ ጋር የተያያዘ ከሆነ አትናቁት። ጋሪው ሳይታጠፍ ይገባል፣ ልጁም መንቀሳቀስ ይችላል። ጣጣው ከባቡሩ ከወረዳችሁ በኋላ ያለው መንገድ ነው። ከጣቢያው እስከ ማረፊያችሁ በእግር ስንት ደቂቃ እንደሆነ ካርታ ላይ እዩ። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ እዚያም የሚቀበላችሁ መኪና ያስፈልጋል።

ስይዝ ምን ምን ልንገራቸው?

ያስፈልጋቸዋል ብላችሁ ከምታስቡት በላይ። የበረራ ቁጥር፣ ቀንና ተርሚናል። የሰው ብዛት፤ ጭን ላይ የሚሄደው ሕፃንም ይቆጠር፣ እሱም መቀመጫ ይይዛልና። የእያንዳንዱ ልጅ ዕድሜ፣ ክብደትና ቁመት። የሻንጣ ብዛትና ጋሪ መኖር አለመኖሩ። ጋሪ የሚረሳው ብዙ ነው። ለአራት ሰው የሚበቃ መኪና ከአራት ሰው ሻንጣና ከአንድ ጋሪ ጋር አይበቃም። ጥርጣሬ ካላችሁ አንድ ደረጃ ሰፋ ያለ መኪና ያዙ።

ኤሲው እንደሚሠራም ጠይቁ። በሞቃት አገር ይህን መጠየቅ አያሳፍርም። "ኤሲ አለው" እና "ኤሲው ይሠራል" የተለያዩ መልሶች ናቸው።

ደግሞ ቀኑን ተጠንቀቁ። ማክሰኞ ማታ ተሳፍራችሁ ረቡዕ 00:40 ላይ የምታርፉ ከሆነ መኪናው የሚያዘው ለረቡዕ ነው። ይህችን ስህተት የሚሠሩ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ውጤቱም እኩለ ሌሊት ላይ እንቅልፋም ልጆች ይዞ ባዶ አዳራሽ ውስጥ መቆም ነው።

የተስማማችሁበት ሁሉ በጽሑፍ ይሁን። በስልክ የተባለ ነገር ለፈረቃ ሹፌሩ ላይደርሰው ይችላል።

"የልጅ መቀመጫ አለን" ካሉኝ አይበቃም?

አይበቃም። አዲስ ለተወለደ የሚሆነውም የልጅ መቀመጫ ይባላል፣ የስምንት ዓመት ልጅ ከፍ ብሎ እንዲቀመጥ የሚያደርገው ትራስም የልጅ መቀመጫ ይባላል። እናንተ አንዱን አስባችሁ ሌላው ሊመጣ ይችላል። ለዚህ ነው ክብደትና ቁመት መንገር ያለባችሁ።

ሕፃናት ፊታቸውን ወደ መኪናው ኋላ አዙረው ነው መቀመጥ ያለባቸው። የሕፃን ጭንቅላት ከሰውነቱ አንጻር ከባድ ነው፤ አንገቱ ገና አልጠነከረም። መኪናው ድንገት ሲቆም ወደ ኋላ የሚያየው መቀመጫ ጭንቅላቱን፣ አንገቱንና ጀርባውን አንድ ላይ ይይዛቸዋል። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 129 ቢያንስ እስከ 15 ወር እንዲህ ይሁን ይላል። መቀመጫው ከፈቀደ ከዚያም በላይ ማቆየት ይሻላል። ቀጥሎ የራሱ ማሰሪያ ያለው፣ ወደ ፊት የሚያየው ይመጣል። ከዚያ የመኪናው ቀበቶ አንገቱንና ሆዱን ሳይሆን ትከሻውንና ዳሌውን እንዲይዝ ልጁን ከፍ የሚያደርገው። ይህ የሚያበቃበት ልክ ከአገር አገር ይለያያል። በብሪታንያ 135 ሴንቲ ሜትር ወይም 12 ዓመት ነው፤ በጀርመን 150 ሴንቲ ሜትር ወይም 12 ዓመት።

በብዙ አገሮች ታክሲ ከዚህ ግዴታ ነፃ ነው። ስለዚህ ሹፌሩ "ሕጉ አያስገድደኝም" ቢላችሁ ልክ ሊሆን ይችላል። ሕጉ ነፃ ያወጣው ሹፌሩን ከቅጣት ነው፣ ልጃችሁን ከአደጋ አይደለም።

የመቀመጫውን ፎቶ አስልኩ። ማሰሪያው ሙሉ መሆኑን፣ ስፖንጁ መኖሩን፣ ፕላስቲኩ አለመሰንጠቁን እዩ። ሲመጣም ራሳችሁ ፈትሹት፤ ብዙ ሹፌሮች መቀመጫውን ከኋላው የዕቃ መጫኛ አውጥተው ያቀብላሉ እንጂ መግጠም አያውቁም። የመኪናው ቀበቶ በሚያልፍበት በኩል ይዛችሁ ነቅንቁት። ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሄደ አልጠበቀም። ልጁን ካሰራችሁ በኋላ ትከሻው ላይ ያለውን ማሰሪያ በሁለት ጣት ቆንጥጡት። ጨርቁ ከታጠፈላችሁ ላልቷል ማለት ነው።

አንዲት ነገር ላይ ግን ድርድር የለም። ወደ ኋላ የሚያይ መቀመጫ፣ ኤርባጉ (በግጭት ጊዜ ተነፍቶ የሚወጣው ከረጢት) ባልጠፋ የፊት ወንበር ላይ በፍጹም አይገጠምም። ኤርባጉ ሲፈነዳ የሚመታው መቀመጫውን ከሕፃኑ ጭንቅላት ጀርባ ነው።

የራሴን መቀመጫ ይዤ ብሄድ ይሻላል?

ልጃችሁ ከሁለት ዓመት በታች ከሆነ እኔ አዎ እላለሁ። የምታውቁት መቀመጫ ነው፣ መግጠሙንም ለምዳችሁታል። አብዛኞቹ አየር መንገዶች የልጅ መቀመጫና ጋሪ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይጭናሉ። የእናንተው ምን እንደሚል ግን ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት እዩ። ሻንጣ ክፍል ከገባ ወፍራም ከረጢት አልብሱት፤ ሲመጣም ስንጥቅ እንደሌለው አረጋግጡ።

አይሶፊክስ፣ ማለትም የልጁን መቀመጫ ያለ ቀበቶ በቀጥታ ከመኪናው ጋር የሚያያይዘው ብረት፣ በሁሉም መኪና ላይ የለም። በተራ ቀበቶ እንዴት እንደሚታሰር ቤታችሁ እያላችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ተለማመዱ። ሙቀት ውስጥ፣ ላብ ዓይን ውስጥ እየገባ መመሪያ ማንበብ አይቻልም። ለትልልቅ ልጆች የሚታጠፉ፣ በጀርባ ቦርሳ የሚያዙ ከፍ ማድረጊያዎች አሉ፤ እነሱ ችግር የላቸውም።

መንገዱ አሥር ደቂቃ ነው። አቅፌው ብሄድስ?

አቅፎ መያዝ የሚቻል ይመስላል፤ አይቻልም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ተጋጭቶ ግማሽ ሜትር ውስጥ ቢቆም 10 ኪሎ የሚመዝነው ልጅ ለዚያች ቅጽበት ክንዳችሁ ላይ 200 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ያንን የሚይዝ ክንድ የለም። አንድ ቀበቶ ለሁለት ማሰር ደግሞ ይብሳል፤ የእናንተ ክብደት ልጁን ከቀበቶው ጋር ያጣብቀዋል።

መኪናው ፀሐይ ላይ ቆሞ ቢመጣ ምን ላድርግ?

ልጆቹን ወዲያው አታስገቡ። በሮቹን ሁሉ ከፍታችሁ ታፍኖ የዋለው አየር ለአንድ ሁለት ደቂቃ ይውጣ። ከዚያ ኤሲው በሙሉ ኃይሉ ይከፈት፣ መስኮቱም መጀመሪያ ትንሽ ይከፈት። ከኤሲው ቀዝቃዛ አየር መምጣት ሲጀምር መስኮት ይዘጋና ሹፌሩ የውስጡን አየር ብቻ የሚያዞረውን ቁልፍ ይጫን። ከውጪ የሚገባውን ትኩስ አየር ከማቀዝቀዝ የውስጡን ደጋግሞ ማቀዝቀዝ ይፈጥናል።

ከማሰራችሁ በፊት የቀበቶውን ብረት በእጃችሁ ንኩት። ፀሐይ የዋለበት ብረት የሕፃን ቆዳ ያቃጥላል። እርጥብ መሐረብ ይዛችሁ ብረቱንና ፕላስቲኩን ጠረግ ጠረግ አድርጉት። በልጁና በማሰሪያው መካከል ግን ወፍራም ፎጣ አታስገቡ፤ ማሰሪያው ላልቶ ይቀራል። መስኮት ላይ የሚለጠፍ የፀሐይ መከላከያ ትንሽ ነገር ነው፤ በእጅ ቦርሳ ያዙት።

ከሁሉ የሚሻለው ይህ ሳይደርስ ነው። ሹፌሩ መኪናውን ጥላ ውስጥ እንዲያቆም፣ እናንተ ሻንጣ ስትጠብቁ ደውላችሁለት ኤሲውን እንዲያስነሳ ቀድማችሁ ንገሩት። ልጆቹ ውስጥ፣ ተርሚናሉ ቅዝቃዜ ውስጥ ከአንድ አዋቂ ጋር ይቆዩ፤ ሌላው ወጥቶ መኪናውን ይይ፣ መቀመጫውን ይግጠም፣ ሻንጣውን ይጫን። ልጆቹ መጨረሻ ይግቡ። ማረፊያው ስትደርሱ ደግሞ መጀመሪያ ይውረዱ።

ተኝቶብኛል። ሪሴፕሽን እስክንጨርስ መኪናው ውስጥ ይቆይ?

አይቆይም። ለአንድ ደቂቃም። ውጪው 21 ዲግሪ በሆነበት ቀን እንኳ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ በ10 ደቂቃ 10 ዲግሪ ገደማ፣ በግማሽ ሰዓት 19 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። ውጪው 38 ዲግሪ ሲሆን አስቡት። መስኮት ገርበብ ማድረግ ለውጥ የለውም ማለት ይቻላል። የሕፃን ሰውነት ደግሞ ከአዋቂ ከ3 እስከ 5 እጥፍ ፈጥኖ ይግላል።

"ሞተሩ አልጠፋም፣ ሹፌሩም አለ" የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ሹፌሩ ሻንጣ ሊያወርድ ይወርዳል፤ ሞተሩን ያጠፋል።

ድካም ባለበት ቀን ሌላም አደጋ አለ። እናት አባት ይዞታል ትላለች፣ አባት እናት ይዛዋለች ይላል። ማን ልጅ እንደሚያወርድ፣ ማን ሻንጣ እንደሚቆጥር ገና አውሮፕላን ላይ እያላችሁ በስም ተከፋፈሉ።

ፀሐዩ እንዳያገኘው ጋሪውን በጨርቅ ልሸፍነው?

ብዙዎች ያደርጉታል፤ ስስ ጨርቅም ቢሆን ተዉት። አየሩ መዘዋወር ያቆምና ጋሪው ውስጥ እንደ ድስት ክዳን ያፍናል፣ ልጁም አይታያችሁም። የጋሪውን ጥላ ተጠቀሙ፣ ጥላ ጥላውን ሂዱ። ከስድስት ወር በታች ላሉ ክሬም ከመቀባት ጥላና ስስ፣ ሰፊ ልብስ ይሻላል።

ውሃና ወተትስ?

ከስድስት ወር በታች ያለ ሕፃን በሙቀት ጊዜም ውሃ አያስፈልገውም። የሚበቃው የጡት ወይም የዱቄት ወተት ነው፤ ከወትሮው ቶሎ ቶሎ ስጡት። ትልልቆቹ ከመጠማታቸው በፊት በትንሽ በትንሹ ይጠጡ። አውሮፕላኑ ሲያርፍ ሰው ሁሉ ተነስቶ መተላለፊያው ላይ ሲጋፋ እናንተ ተቀምጣችሁ ልጆቹን አጠጡ። ከዚያ በኋላ እስከ መኪናው ድረስ ጊዜ አይኖርም።

የተበጠበጠ የዱቄት ወተት በክፍል ሙቀት ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይም። ልጁ መጥባት ከጀመረው ደግሞ አንድ ሰዓት ነው። ስለዚህ ዱቄቱን ለክታችሁ ለብቻ፣ ፈልቶ የተቀመጠ ውሃ በቴርሞስ ለብቻ ያዙ። በእጅ ሻንጣ ፈሳሽ ከ100 ሚሊ ሊትር አይብለጥ የሚሉ ኤርፖርቶች ብዙዎቹ የሕፃን ወተት ሲሆን ያሳልፋሉ፤ ፍተሻው ላይ ለብቻ አውጥታችሁ አሳዩ።

አውሮፕላኑ ቢዘገይ ሹፌሩ ጥሎን ይሄዳል?

የበረራ ቁጥር ከሰጣችሁ ደህና ድርጅት መዘግየቱን ራሱ ይከታተላል። መጠየቅ ያለባችሁ ሌላ ነገር ነው፦ ነፃ የመጠበቂያ ጊዜው ስንት ነው? የሚቆጠረውስ አውሮፕላኑ ካረፈበት ሰዓት ነው ወይስ መኪናው እንዲመጣ ከቀጠራችሁበት ሰዓት? ብዙ ቦታ 45 ወይም 60 ደቂቃ ይሰጣሉ። ከልጆች ጋር ይህ ያንሳል። ከአውሮፕላን መጨረሻ ትወርዳላችሁ፣ ዳይፐር ትቀይራላችሁ፣ የፓስፖርት ሰልፍ አለ፣ ጋሪው ከሌላው ሻንጣ ተለይቶ በሌላ በኩል ይመጣል። 90 ደቂቃ ጠይቁ፤ ተጨማሪ ክፍያ ቢኖረውም ይሁን።

የሹፌሩ ቁጥር በሁለታችሁም ስልክ ላይ ይኑር። በወረቀትም ይጻፍ፤ ባትሪ የሚያልቀው ሲፈለግ ነው። ከማረፊያው አድራሻ ጋር በአገሩ ቋንቋ ቢጻፍ ደግሞ በጣም ይረዳል።

ኤሲው ልጁን አያሳምመውም?

የሚያስቸግረው ፊቱ ላይ በቀጥታ የሚነፋው አየር ነው። መንፊያውን ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን አዙሩት፣ 24 ዲግሪ አካባቢ ይበቃል፣ ስስ ነጠላ ጨርቅ እግሩ ላይ ጣሉለት። ኤሲ ፈርቶ ልጅን በጋለ መኪና መውሰድ ግን አይሆንም።

መኪና ውስጥ የሚያስመልሰው ልጅ አለኝ

ከ2 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆች ላይ ይህ የተለመደ ነው፤ ሙቀትና የመኪና ሽታ ያብሱታል። ስልክና ታብሌት ይቀመጥ፣ ዓይኑ ሩቅ ወደ ፊት ይይ። ሽቶ የተንጠለጠለበት መኪና እንዳይመጣ ንገሩ። ላስቲክ ከረጢትና አንድ ቅያሪ ልብስ ከላይ ይሁኑ፣ የኋላው የዕቃ መጫኛ ውስጥ ከገቡ የሉም ማለት ነው።

ሙቀቱ እንደጎዳው በምን አውቃለሁ?

ከወትሮው በላይ የሚነጫነጭ ወይም ከወትሮው በላይ ዝም ያለ ልጅን ልብ በሉት። አፉ ከደረቀ፣ ሲያለቅስ እንባ ከሌለው፣ ዳይፐሩ ለስድስት ሰዓት ደረቅ ከሆነ ፈሳሽ አንሶታል። ቀዝቃዛ ቦታ አስገቡት፣ ልብሱን አቅልሉለት፣ ደጋግማችሁ በትንሹ አጠጡት። ካልተሻለው ሐኪም ይየው።

ሰውነቱ እንደ እሳት ከጋለ፣ ግራ ከተጋባ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም አልነቃ ካለ ግን ይህ ለሕይወት የሚያሰጋ ነው። አምቡላንስ ጥሩ። እስኪደርስ ልብሱን አውልቃችሁ ቆዳውን ውሃ አርጥቡትና አራግቡት። ራሱን ካላወቀ የሚጠጣ ነገር አትስጡት። የትኩሳት መድኃኒት እዚህ ላይ አይሠራም፤ ሙቀቱ የመጣው ከውጪ ነው። የምትሄዱበትን አገር የድንገተኛ ቁጥር ከመነሳታችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ መዝግቡት።

የመመለሻውንስ?

መጀመሪያውኑ ከመሄጃው ጋር አብራችሁ ያዙት፣ መቀመጫውንም ደግማችሁ ጻፉ። ለመሄጃው የተጠየቀ መቀመጫ ለመመለሻው አብሮ አይመጣም። ክፍል ማስረከቢያው ቀትር ላይ ሆኖ በረራው ማታ ከሆነ ልጆቹ የሚቆዩበት ቀዝቃዛ ቦታ ሆቴሉን ጠይቁ። የራሳችሁ መቀመጫ ከሆነ ጠዋቱን መኪና ውስጥ ወይም በረንዳ ላይ አታቆዩት። ሹፌሩ ሲመጣ ከክፍሉ ይዛችሁት ውረዱ፣ ብረቱ ቀዝቃዛ እንደሆነ ይገጠማል።